እማዬ መጥታለች፤ ምን ላሳያት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። አገር ቤት ያሉ ወላጆች ቪዛ አግኝተው መጥተዋል፣ ልጆች ደግሞ ምን እንደሚያሳዩዋቸው ግራ ገብቷቸዋል። ሦስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታልኛለች፤ 74 ዓመቷ ነው። ስንት ዓመት ቪዛ ስንጠይቅ ኖረን በመጨረሻ ተሳካልን። ባሌና እኔ ፈቃድ ወስደን ናያግራ ፏፏቴ አሳየናት፣ ከዚያ ኒው ዮርክ ወሰድናት። ፎቶ ተነሳች፣ መረቀችን፣ ቀጥላ «አሁን ወደ ቤት አንሄድም?» አለች። ፈቃዳችን አልቆ ሥራ ገብተናል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እሷ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች። ማታ ከሆስፒታል ስመለስ «ዛሬም በእግሩ የሚያልፍ ሰው አላየሁም» ትለኛለች። ባለፈው ሰሞን ቲኬቷን እንዳሳጥርላት ጠየቀችኝ። ሆዴ ባባ። ምን ባሳያት ነው ደስ የሚላት? ፍሎሪዳ ልውሰዳት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሎሪዳን ለጊዜው ተዪው።

ናያግራ ከእናንተ ሰፈር በመኪና ሰባት ስምንት ሰዓት ነው። በ74 ዓመት ጉልበት ያን ያህል መንገድ ታጥፎ ተቀምጦ፣ እግር አብጦ ወርዶ፣ ፏፏቴ ማየት ቀላል አይደለም። እናትሽ ግን አላማረሩም። ስላንቺ ደስታ ብለው ሄዱ፣ መርቀውም ተመለሱ። ፏፏቴማ ጎጃምም አለ፣ ጢስ ዓባይን ያውቁታል። እኔ እንደሚገባኝ እሳቸውን የከበዳቸው የሥራ ቀኑ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው።

እስቲ ደብረ ማርቆስ ቀናቸው እንዴት እንደሚያልፍ አስቢው። ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ከስንቱ ጋር ሰላም ይባባላሉ። ገበያ ይወጣሉ፣ ሽንኩርቱን ተከራክረው ይገዛሉ፣ ጎረቤት ቡና ይጠራቸዋል፣ እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። ሰው ይፈልጋቸዋል። እዚህ ያለ አንቺ ከበር አይወጡም። ለመሆኑ የቤት ቁልፍ አላቸው? ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ ለወላጅ ቁልፍ አይሰጥም፤ «የት ይሄዳሉ ብለን ነው?» ይባላል። ስለዚህ ከየትኛውም ሐውልት በፊት ብቻቸውን የሚሄዱበት አንድ መንገድ ስጫቸው። አንድ ይበቃል።

ያለሽበት ከተማ ለዚህ ይመቻል። ዳሽ የሚባሉት የአሌክሳንድሪያ አውቶቡሶች ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ በነጻ ነው የሚያሳፍሩት። ካርድ የለ፣ ሳንቲም የለ። አዲስ ሰውን የሚያስፈራው «እንዴት ነው የምከፍለው፣ ሹፌሩ ቢያናግረኝስ?» የሚለው ነው፤ እሱ ጭንቀት ቀረላቸው ማለት ነው። በቤታችሁ አጠገብ የሚያልፈውን መስመር ያዢና አንድ መድረሻ ምረጪ። የሐበሻ ሱቅ ሊሆን ይችላል፣ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አብረሻቸው ሂጂ። ቀጥሎ እሳቸው ይምሩ፣ አንቺ ከኋላ ተከተዪ፤ ቢያመነቱም ዝም በዪ። ከዚያ ብቻቸውን ይሳፈሩ፣ አንቺ ወይም ባልሽ መድረሻው ላይ ጠብቋቸው። የፌርማታውን ስም እንዲሸመድዱ አታስጨንቂያቸው፣ ቀዩን ሕንፃ ወይም ነዳጅ ማደያውን ምልክት ይያዙ። ሲመለሱ ግን ከመንገዱ ማዶ እንደሚሳፈሩ ደጋግመሽ አሳዪያቸው፤ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። መኪናው እንደ አገራችን በቀኝ ስለሚነዳ ሲሻገሩ ብዙ አይደናገሩም፣ የእግረኛውን መብራት ቁልፍ መጫን ብቻ ልመጃቸው።

የቤቱን አድራሻና የሁለታችሁን ስልክ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳቸው ውስጥ አድርጊ። ስልካቸውም የዚህ አገር ሲም ካርድ ይኑረው። በቤት ዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ስልክ ከበር ሲወጡ ዋጋ የለውም።

የኔ እናት ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ስትከርም ጠዋት ጠዋት የምትሄደው ቤተ መጻሕፍት ነበር። እንግሊዝኛ አታነብም። ግን ቤቱ ይሞቃል፣ ወንበር አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ሰው ይታያል፣ «ምን ፈለግሽ?» የሚልም የለም። እዚያ ከአንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት ጋር ተዋወቁ። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ እየተሳሳዩ፣ መድኃኒታቸውን ከቦርሳ እያወጡ እያነጻጸሩ፣ በእጅ እያወሩ ረፋዱን ያሳልፉ ነበር። ዋሽንግተንን ስታነሳ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለዚያች ሴትዮ ነው።

ሌላው፣ አንዲት ሌላ እናት ፈልጊላቸው። ቤተ ክርስቲያን እሑድ ዞር ዞር ብለሽ እዪ፤ ከልጇ ጋር የመጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን የቆመች እናት አታጪም። ስልክ አለዋውጫቸው። ማክሰኞ አንዷ ቤት፣ ሐሙስ ሌላዋ ቤት ቡና ቢፈላ ሳምንቱ አጥንት አገኘ ማለት ነው። ማመላለሱ ለናንተ ድካም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከፍሎሪዳ ቲኬት በብዙ ይረክሳል፣ በብዙም ይጠቅማል።

ይህ መስመር ሲይዝ ከተማውን ማሳየት ጀምሪ፤ ከገበያ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት ኦልድ ታውን ውስጥ ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። ከ1753 ጀምሮ የኖረ ገበያ ነው፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ከማውንት ቨርነን እርሻው ምርት ይልክበት እንደነበር ይነገራል። እናትሽ ገበያ ያውቃሉ። ቲማቲሙን ይዳብሱት፣ ማሩን ይቅመሱት፣ ዋጋ ይጠይቁ፣ ትልቁ ልጅሽ ያስተርጉም። «በብር ሲመነዘር ስንት ነው?» ብለው መደንገጣቸው አይቀርም፤ ያ ራሱ የአንድ ሳምንት ወሬ ነው። ከዚያ በነጻ የምትሄደውን የኪንግ ስትሪት ትሮሊ ይዛችሁ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ውረዱ። ወንበር አለ። ተቀመጡ። ሌላ ምንም አታድርጉ።

ዋሽንግተን ከተማ ስትገቡ ደግሞ እናትሽ አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ያለበትን ቦታ አስቀድሚ። መስከረም 1956 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1963 መሆኑ ነው፣ ጃንሆይ ዋሽንግተን የገቡት በባቡር ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲና ባለቤታቸው ዩኒየን ስቴሽን ድረስ ሄደው ተቀበሏቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ኬኔዲ ተገደሉ። ጃንሆይ ለቀብሩ ተመልሰው መጡ፣ ከፈረንሳዩ ደጎል ጋር በፊተኛው ረድፍ ሆነው ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ሄዱ። እናትሽ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ በቤታቸው ሲወራ ሰምተው ይሆናል። ዩኒየን ስቴሽን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አቁመሽ «ጃንሆይ የወረዱት እዚህ ነው» ብትያቸው ከዚያ በኋላ የምታወሪው አንቺ አይደለሽም፣ እሳቸው ናቸው። ልጆችሽም ይስሙ። የኬኔዲ መቃብር ያለው አርሊንግተን ነው፤ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ ሰማያዊው የሜትሮ መስመር ቀጥታ ይወስዳችኋል። መቃብሩ ጋ የማይጠፋ እሳት አለ። መንገዱ ዳገት ስለሆነ በክፍያ የሚያዞረውን መኪና ተሳፈሩ እንጂ በእግር አትሞክሩት።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደግሞ በነጻ ነው የሚገባበት። ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚያሳይ ትልቅ አዳራሽ አለው፣ በፈረንጆቹ 1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ ወገኖች ታሪክም እዚያ ተቀምጧል። ዋናው አፅም አዲስ አበባ መሆኑን ንገሪያቸው፤ የኛ መሆኗን ማወቃቸው ያኮራቸዋል። ከአሜሪካ ምክር ቤት (ካፒቶል) ሕንፃ አጠገብ ያለው የዕፅዋት ማሳያም በነጻ ነው። በመስታወት ቤት ውስጥ በሙቀት የሚያድጉ ተክሎችን ያሳያል፣ ቡናም አለበት። የሊንከን መታሰቢያ ሌሊትም ክፍት ስለሆነ በበጋ ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ብትሄዱ ይሻላል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በኦገስት 1963 ንግግር ያደረጉበት ደረጃ ነው፤ ጥቁሩ ሕዝብ እዚህ አገር ምን እንዳሳለፈ ለእናትሽ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ወላጆቻችን ይህን ታሪክ እምብዛም አይነገራቸውም፣ ሲነገራቸው ግን በጣም ይገባቸዋል።

ስለ አካሄዱ ጥቂት ልጨምር። በቀን አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰዓት ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳሉ፤ «አልታመምኩም» ብለው እምቢ ሊሉ ስለሚችሉ «ለመቀመጫ ብለን ነው» ብለሽ ያዥላቸው። ሜትሮ ላይ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በግማሽ ዋጋ የሚሄድበት ካርድ አለ፣ ፓስፖርታቸውን ይዘሽ አውጪላቸው። ተንቀሳቃሽ ደረጃው ግን ያስፈራል። ዊተን ጣቢያ ያለው 70 ሜትር ነው፣ እኔ ራሴ ቁልቁል ማየት አልወድም። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ደግሞ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። በየጣቢያው ሊፍት ስላለ እሱን ተጠቀሙ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ምሳ ቋጥራችሁ ውጡ፤ የጾም ምግብ ፍለጋ ቀኑን ያበላሻል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፣ ዋሽንግተን ከባሕር ጠለል ብዙም አትርቅም። የጁላይ ወበቅ ለደገኛ ሰው ከባድ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። በበጋ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ አታቁሚያቸው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የምትሠሪበትን ሆስፒታል አሳዪያቸው። የታመመ ያለበት ክፍል አይደለም የምልሽ፤ በሩን፣ መኪና የምታቆሚበትን፣ ምሳ የምትበዪበትን። ከቻልሽ ከአንድ የሥራ ባልደረባሽ ጋር አስተዋውቂያቸው። እናትሽ እስካሁን ሆስፒታል ስትዪአቸው ምን ብለው እንደሚያስቡት አያውቁም፤ ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ምን ዓይነት ቦታ እንዳለሽ ሳያውቁ ነው የሚጸልዩልሽ። አይተው ሲመለሱ አገር ቤት ስልክ ስትደውዪ የሚያነጋግሩሽ አኳኋን ራሱ ይለወጣል።

ቲኬቱን አሁን አታሳጥሪ። የአውቶቡሷን ነገር ጥቂት ሳምንት ሞክሩና እንደገና ጠይቂያቸው። ያን ጊዜም «ልሂድ» ካሉ ደስ ብሏችሁ ሸኟቸው። የናፈቁት ቤታቸውን ነው፣ አንቺን ጠልተው አይደለም። ቢቆዩ ደግሞ መውጫ ቀናቸውን ቪዛው ላይ አትፈልጊው። አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ያለው ቀን ነው የሚቆጠረው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣሉ። በኢንተርኔት አሁኑኑ አውጥተሽ እዪው።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ከፍራንክፈርት ነው የምጽፈው። አባቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፣ የደሴ ሰው። ለሦስት ወር መጥተዋል። ሕንፃ ባሳያቸው፣ ወንዝ ባሳያቸው፣ «ሥልጡን ሕዝብ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። እሑድ ከተማው ጭር ሲል ደግሞ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል። ምን የሚያነጋግራቸው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ የምትኖርበት ከተማ ለአማርኛ መምህር ከየትኛውም የአውሮፓ ከተማ ይበልጣል!

አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ከዛሬው ወሎ ማለት ነው፣ የአባትህ አገር። በ1649 ሮም ላይ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሊቅ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ግዕዝ እየተማረ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ ግዕዙን አጠሩለት፣ አማርኛም አስተማሩት። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዘዋቸው ጀርመን ድረስ መጡና ፍሪደንስታይን በሚባለው ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ አገራችን የሚጠየቁትን ሁሉ መለሱ። ሉዶልፍ ያንን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ። የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳተመ፤ ሁለቱም የታተሙት እዚያው ፍራንክፈርት ነው። ሰውየውም በ1704 የሞተው ፍራንክፈርት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸው አልገቡም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ።

አባትህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዋስው አስተምረው፣ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት አንዱ ልጃቸው በሚኖርበት ከተማ መታተሙን ከአንተ አፍ ቢሰሙ ዝም የሚሉ ይመስልሃል? ጎታ ከፍራንክፈርት በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቤተ መንግሥቱ ዛሬም ቆሟል፣ ሙዚየም ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተራመዱበት ግቢ ውስጥ አባትህ ይራመዱ። ስትሄዱ ደብተርና እስክሪብቶ ያዝላቸው፣ መምህር ናቸው፤ ይጽፋሉ።

እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላም አለ። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ልጅ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ሰሜን ተራራ ድረስ ወጥቷል። ለጭላዳ፣ ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ ዛሬ በዓለም የሚጠሩበትን የሳይንስ መጠሪያ ያወጣው እሱ ነው። ይዞ የተመለሰውንም ለሴንከንበርግ ነው የሰጠው፣ አንተ በየቀኑ በትራም የምታልፈው የተፈጥሮ ሙዚየም ሊሆን ይችላል።

አባትህ መንፈሳዊም ከሆኑ ኮሎኝ ውሰዳቸው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ካቴድራሉ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በር ሲወጡ ፊት ለፊት ይቆማል፤ በ1248 ተጀምሮ በ1880 ያለቀ፣ 157 ሜትር። ከመሠዊያው ኋላ ያለው የወርቅ ሣጥን የሰብአ ሰገል አፅም እንዳለበት ይታመናል። ከዚህ የተነሳ ነው ሰው ለዘመናት ሲሳለመው የኖረው። በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከንም የዚሁ ከተማ ካህን ነበር፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። አባትህ ዳዊት የደገሙ ሰው ከሆኑ ይህንን እዚያው ቆማችሁ ንገራቸው።

ስለ እሑዱ፣ ሱቆች በሕግ ስለሚዘጉ ነው። ቅዳሜ ገዝታችሁ ጨርሱ። እሑድ ግን ጀርመኖቹ ራሳቸው የሚያደርጉትን አድርጉ፦ ወንዝ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ ረጅም መንገድ በእግር ሂዱ። አሮጊትና ሽማግሌው ሁሉ ወጥቶ ያገኙታል፣ ሰው እንዳልሞተም ያያሉ። በነገራችን ላይ ሦስት ወር ያልከው በቀን ነው የሚቆጠረው፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። የገቡበትና የሚወጡበት ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ፣ ስለዚህ የመመለሻ ቲኬቱን ከወር ጋር ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያየው።

ጥያቄ፦ እናቴ በሚቀጥለው ወር ሜሪላንድ ትመጣለች። ስኳር አለባት። ብትታመምብኝ የአሜሪካን ሕክምና በምን እችለዋለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አልጋብዛት ይሆን?

መልስ፦ ጋብዣት። ግን ከመሳፈሯ በፊት የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስ ግዢ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ ለጎብኚ አይሆንም፣ በአንቺ የሥራ ቤት ኢንሹራንስም በአብዛኛው እናት አትገባም። ስትገዢ አንድ ነገር ላይ አተኩሪ፦ ቀድሞ የነበረ በሽታን በተመለከተ ምን እንደሚል። ርካሾቹ ስኳርን ጨርሶ ያስወጣሉ። አንዳንዶቹ «ድንገት ሲብስ» የሚለውን ብቻ ይሸፍናሉ። ደውለሽ ጠይቂ፣ መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልሽ አድርጊ።

መድኃኒቷን ለሙሉ ቆይታዋ የሚበቃ፣ ከዚያም ትንሽ ትርፍ፣ ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣዋ ይዛ ትምጣ። በሚጫነው ሻንጣ አይሆንም፤ ኢንሱሊን ከሆነ እዚያ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። የሰዓቱ ልዩነት እዚህ በሙቀቱ ወራት ሰባት፣ በቅዝቃዜው ወራት ስምንት ሰዓት ስለሆነ መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደምትወስድ አገር ቤት ያለውን ሐኪሟን አስቀድማ ትጠይቅ። ቋንጣ እንዳታሽግልሽ ንገሪያት፣ ሥጋ ይወሰድባታል። በርበሬና ሽሮዋን ግን ስትገባ «ምግብ ይዣለሁ» ብላ ታሳውቅ፤ ሳያሳውቁ መያዝ ነው ቅጣት የሚያመጣው።

እዚህ ቀላል ነገር ካመማት ድንገተኛ ክፍል አትሩጪ፣ አርጀንት ኬር የሚባሉት ክሊኒኮች በብዙ ይረክሳሉ። ደረቷን ከያዛት፣ አፏ ከተጣመመ፣ ራሷን ከሳተች ግን ገንዘብ አታስቢ፣ 911 ደውዪ። ከፈረንጆቹ 1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ሆስፒታል በድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ኢንሹራንስ የለውም ብሎ ሳይመረምርና ሳያረጋጋ መመለስ አይችልም። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል። ያን ጊዜ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ መመሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ስላለባቸው ፎርሙን ጠይቂ፤ ከመክፈልሽ በፊት፣ በየወሩ ከፋፍለሽ ለመክፈል ከመፈረምሽም በፊት።

አስተርጓሚም ጠይቂ። የአማርኛ አስተርጓሚ በዚህ አካባቢ በስልክም በአካልም ይገኛል፣ ክፍያም የለውም። ልጅሽ እንዲያስተረጉም አታድርጊ። እናትሽ በልጅ ልጃቸው ፊት የሚያማቸውን ሁሉ አይናገሩም፣ ልጁም የማይገባውን ቃል ሲያገኝ ዘሎ ያልፈዋል።